ዘኢልመክኑን፦ ስሙ የጠፋው ንጉሥ

የነገሥታትን አወዳደቅ የሚተርኩ አፈ ታሪኮችን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ከመጽሐፍ አይደለም፤ ከጆንያ ክምር ላይ ተቀምጬ ነው። አባቴ እህል በረንዳ ውስጥ አነስተኛ የእህል መደብር ነበረው። በ1980ዎቹ ዓመታት ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔም ከእርሱ ጋር እውል ነበር። መርካቶን የሚያውቅ ሰው እህል በረንዳን በዐይኑ ከማየቱ በፊት በአፍንጫው ያውቀዋል፤ የጤፍ ብናኝ፣ የሽምብራ ገለባ፣ ዝናብ የነካው ጆንያ ሽታ። ሌሊት ከጎጃምና ከሸዋ የገቡት የጭነት መኪኖች ጎሕ ሲቀድ ይራገፋሉ። ደላላው ይጮኻል፤ ሚዛኑ ይንቋቋል፤ ሰፌድ የያዙ ሴቶች በየደጃፉ ተቀምጠው ግርዱን ከፍሬው ይለያሉ። ረፋዱ ላይ ዝናቡ ሲጠና ግን ሥራ ይቆማል። ያን ጊዜ ነጋዴውም ተሸካሚውም ከአንድ ጣሪያ ሥር ይጠለላል፤ ጨዋታም ይጀመራል።

አባቴ የተጉለት ሰው ነው። ታሪክ ይወዳል፤ በተለይም የነገሥታት ታሪክ። ከሚያወጋቸው ሁሉ ደግሞ አንዲቱን ደጋግሞ ያወጋት ነበር፤ የአውራ ዶሮውን ታሪክ።

እርሱ እንዳወጋኝ፣ በዛጔ ነገሥታት ዘመነ መንግሥት ማብቂያ ላይ አንድ አውራ ዶሮ ነበረ። ሌላው ዶሮ እንዲያው ሲጮኽ ይህኛው በሰው አንደበት የሚናገር ይመስል ነበር። የዶሮን ቋንቋ የሚያውቅ አንድ መነኩሴ ሰምቶ፣ ራሱን የበላ ይነግሣል እያለ ነው ብሎ ፈታው። ንጉሡም ዶሮው ታርዶ እንዲሠራለት አዘዘ። ወጡ ተሠርቶ ቀረበ፤ ግን የወጥ ቤቷ ሴት የዶሮ ራስ ለንጉሥ አይገባም ብላ ጥላዋለች። የተጣለውን ራስ ከወጥ ቤት ደጃፍ የነበረ አንድ ወጣት አንሥቶ በላው። ወጣቱ ይኩኖ አምላክ ነበር። ንጉሡ ሥጋውን በላ፤ ልጁ መንግሥቱን በላ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ዘወትር እጁን ያጨበጭባል።

ዶሮው በአንዳንዱ ተራኪ ዘንድ በንጉሡ ግቢ ይኖራል፤ በሌላው ዘንድ በይኩኖ አምላክ አባት ቤት። ራሱን የጣለችው ሴትም አንዴ ወጥ ሠሪ፣ አንዴ ገረድ ናት። የማይለወጠው አንድ ነገር ነው፤ መንግሥት ከአንዱ ዘር ወደ ሌላው ዘር ሲተላለፍ አንዲት ጠብታ ደም አልፈሰሰችም። የፈሰሰው የዶሮ ደም ብቻ ነው።

ከተሸካሚዎቹ አንዱ የላስታ ሰው ነበር። ረጅም፣ ጠይም፣ ከትከሻው ላይ ጆንያ ባይኖርም እንኳ ጎንበስ ብሎ የሚሄድ ሰው። ሁሉም «ላስቴ» ይለዋል፤ እኔም እንዲያ እለው ነበር። አንድ ቀን አባቴ የዶሮውን ታሪክ ከጨረሰ በኋላ አንድ ነገር ጨመረ።

«ዛጔ ማለት እኮ የሸሸ ማለት ነው፤ ዘጐየ ከሚለው የመጣ» አለ።

ላስቴ ጥግ ላይ ተቀምጦ ዳቦ ይበላ ነበር። ዳቦውን በጋቢው ጫፍ ጠቅልሎ አስቀመጠና፣

«ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ፤ የሸሸ ሰው ያን የሚያህል ድንጋይ ቁጭ ብሎ ይፈለፍላል?» አለ።

ሳቅ ሆነ። አባቴ በቀላሉ የሚረታ ሰው አልነበረም።

«ታዲያ ነአኩቶ ለአብ ዋሻ አይደል የገባው?»

«እርሱ የገባው ሊጸልይ ነው። ማንም አላሸነፈውም። አልሞተምም። ተሰወረ እንጂ።»

ከዚያም ያንን ዋሻ ነገረን። ከላሊበላ ብዙም የማይርቅ፣ ከገደል ሥር የተሠራ ቤተ ክርስቲያን ነው። ከዋሻው ጣሪያ ክረምት ከበጋ ውኃ ይንጠባጠባል፤ ከሥሩ የተቀመጡት የድንጋይ ገንዳዎች ጠብታውን ይቀበላሉ፤ ሕዝቡም ለጠበል ይወስደዋል። ላስቴ ሲናገር እጁን ዘርግቶ መዳፉን እንደ ገንዳው ጎድጎድ አደረገው። ዝናቡ ከቆርቆሮው ጫፍ እየወረደ ነበርና፣ ለአንድ አፍታ ሁላችንም ወደ መዳፉ ተመለከትን።

በዚያ ቀን ስለ አንድ መንግሥት መውደቅ ሁለት ታሪክ ሰማሁ። በአንደኛው መንግሥቱ ተበላ፤ በሁለተኛው ተሰወረ። በሁለቱም የተገደለ ሰው የለም።

ሦስተኛውን ታሪክ ያገኘሁት ከብዙ ዓመት በኋላ በንባብ ነው። የታሪክ ሊቁ ታደሰ ታምራት እ.ኤ.አ. በ1972 ስለ መካከለኛው ዘመን ቤተ ክርስቲያንና መንግሥት ባሳተሙት መጽሐፍ፣ በገድላትና በዜና መዋዕል ውስጥ ተበታትኖ የቆየውን ለቃቅመው አንድ ላይ አቆሙት። እንደዚያ ትውፊት ከሆነ ይኩኖ አምላክ በዛጔው ንጉሥ ትእዛዝ መለት በምትባል አምባ ታስሮ ነበር። አመለጠ፤ በአማራና በሸዋ ደጋፊ አሰባሰበ፤ ጦር መራ። ንጉሡም እየሸሸ ጋይንት ደረሰ፤ ከቅዱስ ቂርቆስ ቤተ ክርስቲያንም ገባ። ይኩኖ አምላክ ተከትሎ እዚያው ቤተ መቅደሱ ውስጥ ገደለው። ዘመኑ እ.ኤ.አ. 1270 ነው።

አንባቢ ሆይ፣ ይህን ባነበብሁ ጊዜ ያስደነገጠኝ ግድያው አልነበረም። የትኛው መንግሥት ነው በጸሎት ብቻ የቆመ? ያስደነገጠኝ የሟቹ ስም ነው። ትውፊቱ «ዘኢልመክኑን» ይለዋል፤ ያልታወቀው፣ የተሰወረው እንደማለት ነው። ስም ሳይሆን የስም ቀዳዳ ነው። ታደሰ ታምራት ይህ ሰው የላሊበላ ልጅ ይትባረክ ሳይሆን እንደማይቀር ጠቁመዋል፤ ስሙ ሆን ተብሎ ከመዝገብ ወጥቷል ባይ ናቸው። ሌሎች ጸሐፍት ደግሞ የመጨረሻው ንጉሥ ነአኩቶ ለአብ ነው ይላሉ። ያም ሆነ ይህ በቂርቆስ ደጃፍ የወደቀው ሰው ስሙ በእርግጠኝነት አልደረሰንም። አውራ ዶሮው ደረሰን፤ ንጉሡ አልደረሰንም።

ከዚያ ወዲህ አንድ ጥያቄ አልለቀቀኝም። ይህን ሁሉ ለመሸፈን ለምን ዶሮ አስፈለገ?

ነገሩን ለማየት ከሌሎች አወዳደቆች ጋር ማነጻጸር ይጠቅማል። የመጀመሪያው ከደጃችን ነው፤ አክሱም። የአክሱምን ፍጻሜ ማንም ልጅ ቢጠየቅ ዮዲት ጉዲት ብሎ ይመልሳል። አፈ ታሪኩ ሴቲቱን ሲሥላት ቀለም አልቆጠበም። የነገሥታት ዘር ነበረች፤ በውበቷ የተማረከ አንድ አገልጋይ የጽዮንን የወርቅ መጋረጃ ቆርጦ ሰጣት፤ በቅጣት ጡቷ ተቆረጠ፤ ተሰዳ ሄዳ የሻም ንጉሥ ልጅ አገባች፤ ሠራዊት ይዛ ተመልሳም አገሩን አቃጠለች። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የዘመኑ ጽሑፍ የሚያረጋግጠው ትንሽ ነው። ኢብን ሐውቀል የተባለው የ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ዐረብ ተጓዥ የሐበሻን አገር አንዲት ሴት እንደምትገዛና ንጉሡን እንደገደለች ጽፏል። የእስክንድርያ ፓትርያርኮች ታሪክም የኢትዮጵያ ንጉሥ ስለዚሁ መከራ ለኖባው ንጉሥ የላከውን መልእክት ያነሣል። ሴቲቱ ነበረች። ነገር ግን አክሱም የራሷን ገንዘብ መሥራት ያቆመችው በ7ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ገደማ ነው፤ ከሴቲቱ ሦስት መቶ ዓመት ቀድማ። ፋርሶች የመንን ይዘዋል፤ የቀይ ባሕር ንግድ ወደ ሌላ እጅ ዞሯል። ካርል ቡትዘር የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው ጥናት ደግሞ በአክሱም ዙሪያ አፈሩ ታጥቦ፣ ዝናቡም እንደ ቀድሞው የማይታመን ሆኖ እንደነበር ተከራክሯል። በእህል በረንዳ ቋንቋ ስንናገረው፣ ከተማይቱን መጀመሪያ የጣላት የጎተራዋ መጉደል ነበር ማለት ነው። አፈ ታሪኩ ግን ጎተራ አያውቅም። ጥፋተኛ ይፈልጋል፤ ጥፋተኛዋም ሴት ብትሆን ይመርጣል።

ሁለተኛው ከሩቅ ምሥራቅ ነው፤ ከቻይና። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1046 ገደማ የሻንግ ሥርወ መንግሥት በሙዬ ሜዳ ላይ በዦው ሰዎች ተሸነፈ። የመጨረሻው ንጉሥ ዲ ሺን ወደ ግቢው ተመልሶ በእሳት ራሱን አጠፋ ይባላል። ከዚያ በኋላ የሆነው ለእኛ እንግዳ አይደለም። የወይን ጠጅ ኩሬ አስቆፍሮ በታንኳ ይንሸራሸርበት ነበር ተባለ፤ ከዛፍ ላይ ሥጋ እየሰቀለ ደን አደረገው ተባለ፤ ይህን ሁሉ ያሠራችው ዳጂ የተባለች ውሽማው ናት ተባለ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሚንግ ዘመን በተጻፈ ልብ ወለድ ውስጥማ ዳጂ ሴት መሆኗም ቀርቶ ባለ ዘጠኝ ጅራት ቀበሮ ሆነች። ጉ ጂዬጋንግ የተባለ ቻይናዊ የታሪክ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1924 የዚህን ንጉሥ ሰባ ያህል ኃጢአቶች ሰብስቦ፣ እያንዳንዱ መጀመሪያ በየትኛው ዘመን መጽሐፍ እንደታየ በተራ አስቀመጠ። ጥንታዊዎቹ መጻሕፍት ጥቂት ኃጢአት ያውቃሉ፤ ዘመኑ በራቀ ቁጥር ኃጢአቱ በዛ። ሰውየው ከሞተ በኋላ ይበልጥ ክፉ እየሆነ ሄደ ማለት ነው። ከእርሱ ብዙ ቀድሞ የኮንፊውሽየስ ደቀ መዝሙር ዚጎንግ ይህንኑ ታዝቦ ነበር፤ ሰውየው የሚባለውን ያህል ክፉ አልነበረም፤ ነገር ግን አንዴ ከተዳፋቱ ሥር የወረደ ሰው የአገሩ ቆሻሻ ሁሉ በላዩ ይጠራቀማል በሚል አሳብ።

በዚያ አገር ትውፊት ውስጥ ግን አንድ የገረመኝ ነገር አለ። ድል አድራጊው የዦው ንጉሥ ከተማይቱን ከያዘ በኋላ ካደረጋቸው ነገሮች አንዱ ጁቺያው የተባለውን የንጉሡን ጎተራ ማስከፈትና እህሉን ለሕዝብ ማከፋፈል ነው ይላሉ የጥንት መጻሕፍቱ። በወይን ኩሬውና በቀበሮዋ መካከል ይህች አንዲት ዐረፍተ ነገር ሳትጠፋ ቀረች። እህል ሻጭ ያሳደገው ልጅ ካልሆነ በቀር ብዙ ሰው ሳያያት የሚያልፋት ይመስለኛል። ንጉሡ ጎተራውን ሞልቶ ሕዝቡ ተርቦ ነበር ማለት ነው።

እንግዲህ ወደ ዶሮው ልመለስ። በቻይና ድል አድራጊው ተሸናፊውን አጠቆረው። በአክሱም ጥፋቱ በአንዲት ሴት ላይ ተጫነ። የሸዋው ይኩኖ አምላክ ተራኪዎች ግን እንዲህ ማድረግ አልቻሉም። ለምን ቢሉ፣ ዛጔዎች ቅዱሳን ነበሩ። ይምርሐነ ክርስቶስ፣ ላሊበላ፣ ነአኩቶ ለአብ በቤተ ክርስቲያን ገድል ተጽፎላቸው፣ በዓል ተሠርቶላቸው ይታሰባሉ። ዐሥራ አንዱ የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናት ከዐለት ተፈልፍለው ቆመዋል። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ላይ የወይን ኩሬ ታሪክ አይለጠፍም። ላስቴ በአንዲት ጥያቄ የመለሰው ይህንኑ ነበር፤ የሸሸ ሰው ድንጋይ አይፈለፍልም።

ስለዚህ የቀረው መንገድ አንድ ነበር፤ ተሸናፊው ጻድቅ ሆኖ እንዲቆይ፣ አሸናፊው ግን ባለመብት እንዲሆን። ክብረ ነገሥት ይህን ሥራ ሠራ። በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአክሱሙ ንቡረ እድ ይስሐቅ እጅ በግእዝ የተዘጋጀው ይህ መጽሐፍ መንግሥቱን ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከምኒልክ አወረሰ። በማብቂያው ላይም መጽሐፉ በዛጔ ዘመን ለምን እንዳልተተረጎመ ምክንያቱን ሲያስቀምጥ፣ እስራኤላዊ ያልሆነ ሰው መንገሡ ሕግን መተላለፍ ነው የሚል አሳብ ይሰጣል። በአንድ በኩል የዛጔ ንጉሥ በገድሉ ቅዱስ ነው፤ በሌላ በኩል በዘሩ ባለመብት አይደለም። ይህን ስንጥቅ የሚሞላ ታሪክ ያስፈልግ ነበር። ዶሮው ያንን ስንጥቅ ሞላ። እግዚአብሔር በዶሮ አንደበት ተናገረ፤ ሰው ምን ያድርግ?

የዶሮው ታሪክ ከእኛ ብቻ የበቀለ አይደለም። የወፍ ራስ ወይም ልብ በልቶ የነገሠ ወይም የበለጸገ ድሃ ልጅ ተረት በብዙ አገር ይወራል። ግሪም የተባሉት ጀርመናውያን ወንድማማቾች በሰበሰቡት ተረት ውስጥ የወርቅ ወፍ ልብና ጉበት የበሉ ሁለት ልጆች ጠዋት ጠዋት ከትራሳቸው ሥር ወርቅ ያገኛሉ። ተረቱ አገር ለአገር ይዞራል፤ እኛ ደግሞ ዙፋን ላይ አስቀመጥነው።

ገዳማቱም ድርሻቸውን አልተዉም። ቀደም ባለው ትውፊት ይኩኖ አምላክን የረዳው የሐይቅ እስጢፋኖሱ አባት ኢየሱስ ሞዓ ነው፤ በኋላ በተጻፉት ገድላት ደግሞ አቡነ ተክለ ሃይማኖት። በኋለኛው ትውፊት ነገሩ የተፈጸመው በቃል ኪዳን ነው። ጻድቁ አባት የዛጔውን ንጉሥ መክረው ዙፋኑን በፈቃዱ እንዲለቅ አደረጉት፤ በምላሹም የአገሩ ሲሶ ለቤተ ክርስቲያን ተሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1790 የጉዞ መጽሐፉን ያሳተመው የስኮትላንዱ ጄምስ ብሩስ ይህን ውል በአንቀጽ በአንቀጽ አስፍሮታል፤ ላስታ ለዛጔ ዘር ርስት ሆኖ እንዲቀር፣ የክብራቸውም ምልክት ሁለት የብር ነጋሪት እንዲሆን ጭምር።

እነሆ ሲሶ! የዶሮው ጩኸት ሲያልቅ የሚቀረው እህል ነው። መሬት ሲሶው ለማን ይሁን፣ ከሚታጨደው ስንቱ ወደ ማን ጎተራ ይግባ፣ ማን ያርሳል፣ ማን ይበላል። አፈ ታሪኩ ራሱ ሳያውቀው ይህን ይመሰክራል። አባቴ ዶሮውን ሲያወራ፣ ከጎኑ የተከመረው ጤፍ የታሪኩ ግማሽ መሆኑን አላስተዋለም ነበር፤ እኔም አላስተዋልሁም።

በ1270 የተጀመረው ነገር ግን በ1270 አልቀረም። ከስድስት መቶ ዓመት በኋላ ከዚያው ከዛጔ የዘር ሐረግ የወጡት ዋግ ሹም ጎበዜ፣ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው ነገሡ። ዘመናቸው አጭር ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1871 ከዐድዋ አጠገብ በካሣ ምርጫ፣ በኋላ ዐፄ ዮሐንስ በተባሉት፣ ድል ሆኑ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ደግሞ የንጉሡ ዘር ከሰሎሞንና ከንግሥተ ሳባ ልጅ ከቀዳማዊ ምኒልክ ሳይቋረጥ የመጣ መሆኑን በሁለተኛው አንቀጽ ደነገገ። ሳይቋረጥ! በቂርቆስ ደጃፍ የወደቀው ሰው ስሙ ብቻ ሳይሆን ዘመኑም ተሰረዘ።

ያ አንቀጽ ራሱ የወደቀው መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ከዋዜማው፣ በእንቁጣጣሽ ምሽት፣ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የወሎን ረኃብ ያሳየበት ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብዣ ምስል ጋር ተዳብሎ በቴሌቪዥን ታየ። በማግሥቱ ጠዋት ንጉሠ ነገሥቱ በፎልክስዋገን መኪና ከግቢያቸው ተወሰዱ። ይህ የዘመናችን የጁቺያው ጎተራ ነው። ጎተራው ሲከፈት ያሳዩናል፤ ከዚያ በኋላ ማን እንደገደለ፣ የት እንደቀበረ አይነግሩንም። የንጉሠ ነገሥቱ አፅም ከቤተ መንግሥት ግቢ ወጥቶ በቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው ጥቅምት 26 ቀን 1993 ዓ.ም. ነው። በእነዚያ ሁሉ ዓመታት መካከል አልሞቱም፣ ተሰውረዋል የሚሉ ነበሩ፤ ከባሕር ማዶ ባሉ ራስ ተፈሪያውያን ዘንድ ይህ እምነት አሁንም አለ። ላስቴ ስለ ነአኩቶ ለአብ የነገረን ይህንኑ አልነበረምን? መቃብር የተከለከለ ሰው ሁሉ ይሰወራል።

ለዚህ ነው አፈ ታሪክን መናቅ የማልወደው፤ ማመን ግን የማልደፍረው። አባቴ አልዋሸም፤ ላስቴም አልዋሸም። አንዱ የአሸናፊውን ዕረፍት ያወራል፤ ሌላው የተሸናፊውን መጽናኛ። ሁለቱም ግን ከአንድ ነገር ፊታቸውን ያዞራሉ፤ ከቂርቆስ ወለል ላይ ከወደቀው ሰው። ዛሬም በዘርና በርስት ስንከራከር የምንማዘዘው እነዚህኑ ታሪኮች ነው። የእኔ ዶሮ ቀድሞ ጮኸ፣ የእኔ ዋሻ ይቀድማል እንባባላለን። በሁለቱ መካከል ስሙን ያላወቅነው ሰው ወድቆ እንደሆነ ግን አንጠይቅም።

በቻይና አንያንግ በተባለ ስፍራ ገበሬዎች ሲያርሱ ያገኟቸው የጥንት አጥንቶች ጽሑፍ እንዳለባቸው የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1899 ነው። ሲነበቡ የሻንግ ነገሥታት የጠንቋይ ጥያቄዎች ሆነው ተገኙ። ዝናብ ይዘንባል? እህሉ ይሰምራል? ብለው ይጠይቁ ነበር። ከሦስት ሺሕ ዓመት በኋላ የነገሥታቱ ስም ከአጥንት ላይ ተነበበ፤ ጭንቀታቸውም እንደማንኛውም ገበሬ የእህል ጭንቀት ሆኖ ተገኘ። ለእኛው ዘኢልመክኑን እንዲህ ያለ አጥንት ገና አልወጣለትም።

አባቴ ካረፈ በኋላ የመደብሩን መዝገቦች ያገኘኋቸው እኔ ነኝ። በጥቁር ጨርቅ የተለበጡ፣ ጠርዛቸው በዘይትና በብናኝ የጠቆረ መዝገቦች ናቸው። ሁሉም ነገር ተጽፏል። የጤፉ ዓይነት፣ የመጣበት አገር፣ ኩንታሉ፣ ዋጋው፣ የባለ መኪናው ስም፣ የደላላው ስም። የላስቴን ስም ፈለግሁ። ገጽ በገጽ ሄድሁ። ያገኘሁት «ለጫኝና አውራጅ» የሚል መስመር ብቻ ነው፤ ከጎኑ ቁጥር፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ «ተከፍሏል»።

ላስቴ አንድ ዓመት መስከረም ላይ ሳይመጣ ቀረ። «አገሩ ገብቶ ይሆናል» አለ አንዱ። «ጎኑን ያመው ነበር» አለ ሌላው። እኔ ልጅ ነበርሁና «ተሰውሮ ነዋ!» አልሁ፤ ሁሉም ሳቁ፤ አባቴም ሳቀ። ዝናቡ አባርቶ ስለ ነበር ሥራው ቀጠለ።

ከዓመታት በኋላ ላስታ ሄድሁ፤ ከነአኩቶ ለአብ ዋሻም ደረስሁ። ውኃው እንደነገረን ይንጠባጠባል፤ ገንዳዎቹም አሉ፤ ከብዛት የተነሣ ውስጣቸው ጎድጉዷል። አንድ ሽማግሌ ካህን ከየት እንደመጣሁ ጠየቁኝ። ከአዲስ አበባ፣ ከመርካቶ አልኋቸው። «መርካቶ የሄዱ ልጆች አሉን፤ የምታውቀው ሰው አለ ወይ ልጄ?» አሉኝ።

አለ ልላቸው አፌን ከፈትሁ፤ ስሙን ግን አላውቀውም ነበር።